የኢቭንታይድ ሦስት አጫጭር ዛፎች

ሰው "ቬርዳ ክራውዘር ወሬ ትወዳለች" ብሎ ሲያማኝ አልቆጣም። እወዳለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ላም እንደነጠፈች፣ ማን ማንን በቤተክርስቲያን ደጃፍ ሳይሰላም እንዳለፈ ሳላጣራ ከዋልኩ ምግብ አይወርድልኝም። እንዲህ ያለችው ሴት ከማድ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት የቆሙ ሦስት ዛፎች ለምን ከሌሎቹ እንዳጠሩ ሳታውቅ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረች ብላችሁ ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም። እኔም ስቄባታለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ባሌ ሎይድ ከአባቱ በወረሰው የአኩሪ አተር ማሳ ላይ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም የሚያይበት የመኪና ሲኒማ እሠራለሁ ብሎ ከተነሳበት ጊዜ ነው። ጦርነቱ አልቋል፣ ወንዶቹ ተመልሰዋል፣ በኦሃዮ ገጠር መኪና ያልገዛ ሰው ሊገዛ አስቧል። ሎይድ መሬቱን በትራክተር እየደለደለ እርከን እርከን አደረገው፤ መኪና ሲቆም አፍንጫው ወደ ላይ ቀና እንዲል ነው። በየመቆሚያው አጠገብ የብረት ምሰሶ ተከለ፣ በየምሰሶው ላይ አንዲት ስፒከር በሽቦ ሰቀለ። ከወዲያ ጫፍ ሸራውን አቆመ። ሸራ እንለዋለን እንጂ ነጭ የተቀባ ቆርቆሮ ነበር። ስሙን "ኢቭንታይድ" አልነው፣ የምሽት ጊዜ ማለት ነው፤ ስሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሎይድ "የሎይድ" ሊለው ነበር።

በመጀመሪያው በጋ ሰው ጉድ ሊያይ መጣ። በሁለተኛው በጋ ለምዶት መጣ። ቅዳሜ ማታ የመኪናው ሰልፍ ከበራችን ተነስቶ ብሬነር ከተማ ውስጥ እስካለው የእህል ጎተራ ይደርስ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን አጥበው፣ የመኝታ ልብስ አልብሰው ያመጧቸዋል፤ ልጆቹ ሸራው ሥር ዥዋዥዌ ሲጫወቱ ይቆዩና ሲጨልም የኋላ ወንበር ላይ ይተኛሉ። ጎረምሶች ደግሞ ጓደኞቻቸውን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አሽገው ያለ ቲኬት ያስገባሉ። ሎይድ ያውቃል፤ የመኪናው ቂጥ መሬት ሊነካ ሲደርስ ማንም ያውቃል። "ቢያንስ ፈንዲሻ ይገዛሉ" ይልና ያሳልፋቸዋል። ከብሬነር ልጆች ስንቶቹ እዚያ ግቢ ውስጥ እንደተጠነሰሱ አውቃለሁ፣ ግን ለዛሬ አልናገርም።

ትልቁ ችግራችን ስፒከር ነበር። ሰው መጥቶ ይቆማል፣ ስፒከሩን ከምሰሶው አንስቶ በመኪናው መስታወት ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል፣ ፊልሙን ያያል። ሲጨርስ መመለስ አለበት። አንዱ ግን የግድ ይረሳና ሞተሩን አስነስቶ እብስ ይላል፤ ሽቦው ይበጠሳል፣ አንዳንዴም መስታወቱ ይረግፋል። እኔ ሽርጤን እንደታጠቅሁ "ስፒከሩን! ስፒከሩን!" እያልኩ አቧራው ውስጥ የሮጥኩትን ሩጫ አንድ ላይ ቢቀጥሉት ካናዳ ያደርሰኝ ነበር።

የኔ ሥራ ግቢው መሐል ባለችው ምግብ ቤት ነበር። ፈንዲሻ አፈነዳለሁ፣ ቋሊማ በዳቦ እሸጣለሁ። ፊቴ ወደ መጥበሻው፣ ጀርባዬ ወደ ሸራው። ከራሴ በላይ መደርደሪያው ላይ አንዲት ስፒከር ነበረች። ስለዚህ የሲኒማ ቤት ባለቤት ሚስት ሆኜ ያን ሁሉ ፊልም ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ሎይድ የፊልም ማጫወቻ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚያየውም የሚሰማውም ማሽኑን ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ሸራው ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት፤ ጀንበር ከጀርባው ካልጠለቀች ምንም አይታይም። በምሥራቅ በኩል ደግሞ መንገዱን ሲሻገሩ የኤዝራ ሚሽለር ኮረብታ አለ። ኤዝራ ላም አርቢ ነው፤ ከዚያም በላይ ሴቶቹ ነጭ ቆብ፣ ወንዶቹ ጥቁር ባርኔጣ የሚያደርጉበት የዚያ ጥብቅ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ፒካፕ መንዳት ይፈቅዳሉ። ፊልም ማየት ግን ኃጢአት ነው። ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ኤዝራ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ እግሩ ግን ከበሩ አላለፈም።

"ሸራህን አዙረው" አለው ሎይድን። "ቤቴ ድረስ ነው የሚታየው።"

"ፀሐይዋን አዙርልኝና አዞረዋለሁ።"

"አንተ የሰይጣን በረኛ ነህ።"

"በረኛ አልቀጠርኩም፣ በሩን ሚስቴ ነች የምትይዘው" አለ ሎይድ። እኔን መሆኑ ነው!

በስተመጨረሻ ተስማሙ። ሎይድ በመንገዱ ዳር ካለው አጥር ጋር ፖፕላር ዛፍ በረድፍ ሊተክል፣ ዛፎቹ አድገው ኮረብታውን ሊጋርዱ። ተጨባበጡ። ሎይድ ቃሉን ጠበቀ፣ ችግኞቹን ተከለ።

ዛፎቹ ሳያድጉ ግን የኤዝራ አንድ ልጅ፣ ሃርላን፣ የኛ ደንበኛ ሆነ። በሰው መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ተኝቶ ይገባል፤ እኔ ራሴ ቋሊማ ሸጬለታለሁ። ጉንጩ ቀይ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ተያዘ። የቤተክርስቲያኑ ማኅበር ፊት ቆመህ ይቅርታ ጠይቅ አሉት፣ ፊልም በማየቴ የበደልኩት ሰው የለም ብሎ እምቢ አለ። አባቱ እዚያው ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጦ ነበር። በመከር ወር ሃርላን ከከተማው የከብት መኖ መደብር ፊት ለፊት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤዝራ በቤቱ ውስጥ የልጁ ስም እንዳይነሳ ከለከለ። ሚስቱ ሎቪና በገበያም ቢሆን ስሙን ስታነሳ የሰማ የለም። እኔ እንኳን አፌን ይዤ አልጠየቅኋትም፤ ለኔ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ፖፕላር ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ረድፉ አደገና ኮረብታውን ጋረደው። መሐል ላይ ያሉት ሦስት ዛፎች ብቻ እምቢ አሉ። ጎናቸው ያሉት ሰማይ ሲነኩ እነሱ ከጎረቤቶቻቸው ወገብ አያልፉም። ሎይድ መብረቅ ነው አለ። ቀጥሎ ትል ነው አለ። ቀጥሎ አፈሩ ነው ብሎ ሦስት ጋሪ የላም እበት አፈሰሰበት። በመጨረሻ "ተያቸው ባክሽ፣ ሰውም አጭር አለ" አለኝና ተወው። እኔ ግን ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር አያቸውና ሆዴን ይበላኛል።

ውድቀታችን ባንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ቴሌቪዥን መጣ። ሎይድ "ያችን ሳጥን ማን ያያታል" አለ፤ ሁሉም አያት። ቀጥሎ መንግሥት በበጋ ሰዓታችሁን በአንድ ሰዓት ወደፊት አዙሩ አለና ጀንበር ዘግይታ መጥለቅ ጀመረች፤ ሌሊት ተነስቶ ላም የሚያልብ ገበሬ እስኪጨልም ተቀምጦ ፊልም አይጠብቅም። ከዚያ በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው የገበያ አዳራሽ ማቀዝቀዣ ያለው፣ አራት ፊልም ባንዴ የሚያሳይ ሲኒማ ተከፈተ። የኛ እርከኖች ሣር አበቀሉ፣ ዥዋዥዌው ዛገ። ፊልም የሚያከራየን ሰውዬ "የራቁት ፊልም አሳይ፣ ግቢህ በአንድ ሳምንት ይሞላል፤ ሌሎቹ ሁሉ እንደዚያ ነው የዳኑት" ብሎ ሎይድን መከረው። ከዚያ እራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ "ኤዝራ ሚሽለር ልክ ነበር ከሚባልብኝ አኩሪ አተር መልሼ ብዘራበት ይሻለኛል" አለ። በማግስቱ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ "በበጋው መጨረሻ እንዘጋለን" የሚል ለጠፍን። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ስንት ዓመት ያሳቅናቸው ያስለቀስናቸው ሰዎች ሰሌዳውን እያዩ በመኪና ሽው ብለው ያልፋሉ።

ሰሌዳውን በለጠፍን ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ብወጣ ከመሐለኛው ዛፍ ላይ መሰላል ተደግፏል። መሰላሉ ላይ ጥቁር ባርኔጣ ያደረገ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በመጋዝ የዛፉን አናት ይገዘግዛል። ቅርጫቴን ጥዬ ሮጥኩ።

"አቶ ሚሽለር! ወድቀው እግርዎን ሰብረው ሎይድን ሊያስከስሱት ነው?"

ደነገጠ፤ መጋዙን ግን አልጣለም። "ዛፉ ታሟል" አለ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ታሞ የማይሞት ዛፍ!"

"የሚታከም በሽታ ነው።"

"ሐኪሙን ዛሬ አወቅኋቸው። ይውረዱ በሉ!"

ቀስ እያለ ወረደ። እኔ በዛፎቹ ክፍተት ቀና ብዬ ወደ ኮረብታው አየሁ። የሚሽለር ቤት ሁለት ፎቅ ነው፤ በክፍተቱ ግን የሚታየው አንድ መስኮት ብቻ ነው፣ ላይኛው። ዞር ብዬ ወደኛ ሸራ አየሁ። ከመስኮቱ ወደ ሸራው ገመድ ቢዘረጋ የሦስቱን ዛፎች አናት ታክኮ ያልፋል።

"ኧረ በእግዜር!" አልኩ። "እርስዎ ያያሉ!"

"አትሳቂ።"

"አልሳቅሁም" አልኩ እየሳቅሁ። "ሰይጣን በረኛውን ትቶ መስኮት ከፈተልዎት?"

ኤዝራ የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ቀልቷል። የሎሚ ጭማቂ አምጥቼ ሰጠሁትና እኔም ቅርጫቴን ገልብጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ሄደህ ሄደህ ከኔ እጅ ገባህ፣ ሳትናገር አትላቀቅም ብያለሁ በሆዴ። የሚገርመው፣ መጠየቅ የጀመረው እሱ ሆነ።

"አንድ ጓንት ብቻ የሚያደርገው ሰውዬ ፈረሱን ለምን ገደለው?"

"ፈረሱን ነው እንዴ የገደለው!" አልኩ። ፊልሙን ወዲያው አወቅሁት፤ ስለ ጓንቱ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። "ተኩስ ሰማሁ፣ ሚስትየዋ ስታለቅስ ሰማሁ፣ ባሏን የገደለው መስሎኝ እስከ ዛሬ አዝንላታለሁ።"

"ባሏማ ጣሪያ ላይ ነው።"

"ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል?"

"እሱን ነው ልጠይቅሽ የነበረው!"

ያን ጠዋት ልብሱ ሳይሰጣ ቀረ። እሱ ያለ ድምፅ ያየውን፣ እኔ ያለ ምስል የሰማሁትን እየገጣጠምን ስንትና ስንት ፊልም ጨረስን። እኔ ቆንጆ ናት ያልኳት ድምፀ መልካም ሴት ለካ የሰባ ዓመት አሮጊት ናት። እሱ ቄስ ነው ብሎ ያከበረው ሰው ለካ ባንክ ዘራፊ ነው። "ጸሎት የሚያደርግ ነው የሚመስለው!" አለ ተናዶ። እንደዚያ ቀን የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ከዚያ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የመጣበት ነገር ገና እንዳልተነገረ ገባኝ።

"ባቡር ጣቢያ ያለበት ፊልም አለ" አለ። "አባትየው ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ልጁ ባቡሩ ውስጥ ነው፣ በመስኮት አንድ ነገር ይለዋል። ባቡሩ ይሄዳል። ልጁ ምንድን ነው ያለው?"

"ለምን ፈለጉት?"

"ሃርላን" አለ። ስሙ አፉ ውስጥ የከበደው ይመስላል። "አውቶቡሱ ሲነሳ እንደዚያው አንድ ነገር አለኝ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መስኮቱ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት። በሚቀጥለው በጋ የላይኛውን መስኮት መጋረጃ ልዘጋ ስወጣ እናንተ ያን ፊልም ታሳያላችሁ። የዚያ ልጅ አፍ ልክ እንደ ሃርላን ተንቀሳቀሰ። የሱን ቃል ባውቅ የልጄን ያወቅሁ መሰለኝ። ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም፣ ቬርዳ። መልሰው ያሳዩታል ብዬ ጠበቅሁ። እናንተ ፈረስና ዘራፊ እያሳያችሁ አዘገያችሁኝ። አሁን ደግሞ ልትዘጉ ነው።"

"ቤት ውስጥ ስለሱ አታወሩም?"

"ስሙ አይነሳም።"

"ማን ከለከለ?"

"እኔ" አለ።

ዓይኔን ጨፍኜ ያን ፊልም ፈለግሁት። የባቡር ደወል ትዝ አለኝ፣ የእንፋሎት ድምፅ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰው ጫጫታ ብቻ ነው፤ ያ ቦታ ልክ ፊልሙ መሐል ከሚቆምበት እረፍት በፊት ነበርና ሁሉም ቋሊማ ሊገዛ እየተጋፋ ገብቷል። በሕይወቴ ደንበኛን የረገምኩት ያን ጊዜ ነው፣ ያውም ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ።

"ለመዝጊያው እናመጣዋለን" አልኩት። "ነገር ግን ታች ወርደው፣ ስፒከር ሰቅለው ነው የሚያዩት። ከዚያ መስኮት አይሰማም።"

ሎይድ ስነግረው ጣሪያ ነካ። "ለዚያ ሰውዬ? ዛፌን ሲቆርጥ ለኖረ ሰውዬ? እኔ እበት በጋሪ ሳመላልስ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር ማለት ነው!"

"ሎይድ፣ ከሱ የበለጠ ታማኝ ደንበኛ ኖሮህ አያውቅም።"

"ቲኬት ያልቆረጠ ደንበኛ!" እየተነጫነጨ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ጭንቅላቱን በበሩ ብቅ አደረገ። "የትኛውን ነው በጣም የወደደው አለሽ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ይዞ ለሚያውቀው አከራይ ሁሉ ደወለ፤ ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ መጋዘን ጥግ አንድ የተቧጨረ ቅጂ አገኘ።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። የመኪናው ሰልፍ እንደ ድሮው ጎተራው ድረስ ሄደ። "አቤት፣ እንዴት እናዝናለን መሰለሽ" እያሉ ከኔ ፈንዲሻ ይገዛሉ። ቀድማችሁ ብትመጡ ማንም ባላዘነ ልላቸው ነበር፤ ዋጥኩት። ሰልፉ መሐል የሚሽለር ፒካፕ አለች። ኤዝራ ጥቁር ባርኔጣውን፣ ሎቪና ነጭ ቆቧን እንዳደረጉ። ሰው ሁሉ በየመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ባርኔጣዎን ቢያወልቁ እኮ ማንም አይለይዎትም" አልኩት በጆሮው።

"ልጄ ተደብቆ ነበር የሚገባው። እኔ ተደብቄ አልገባም" አለ። "ሽማግሌዎቹን እሑድ ዕለት ነግሬያቸዋለሁ። ከሽማግሌነት አውርደውኛል።"

ሎይድ ከአጫጭሮቹ ዛፎች ሥር አቆማቸው። እኔ ስፒከሩን በኤዝራ መስታወት ላይ ሰቀልኩለትና ድምፅ መጨመሪያውን አሳየሁት። ዛሬ ማንም በረሃብ አይሞትም ብዬ መጥበሻውን አጥፍቼ የፒካፗ መስኮት አጠገብ ቆምኩ። ፊልሙ ሲጀምር ኤዝራ ወንበሩ ላይ ደንገጥ አለ። "ይሄን ያህል ያወራሉ እንዴ?" አለ። ሎቪና "ዝም በል፣ እንስማበት" አለችው፤ ጭኗ ላይ ከቤት ያመጣችውን የቼሪ ኬክ እየቆረጠች። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው፣ ግን ለኔም ቆረጠችልኝ።

ባቡር ጣቢያው መጣ። አባትየው ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል፣ ልክ ኤዝራ እንዳለው። ልጁ በመስኮቱ ብቅ አለ። ኤዝራ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጠፈ። ልጁ አፉን ከፈተ፣ ባቡሩም አብሮ አፏጨ። ፉጨቱ ልጁ አፉን እስኪዘጋ ድረስ ቀጠለ። ከዚያ ባቡሩ ሄደ፣ ሙዚቃ ሆነ።

ኤዝራ ድምፅ መጨመሪያውን እስከ ጥጉ አዞረው። "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" አለ።

"አልተበላሸም። ፉጨቱ ዋጠው።" ጎን ያለውን መኪና ጠየቅሁ፤ ሰውዬው በልጅነቱ አይቶታል። "አይሰማም እኮ" አለኝ፣ "አውቀው ነው እንደዚያ የሠሩት።"

"እዚህ ታች ያላችሁትም አልሰማችሁም ማለት ነው?" አለ ኤዝራ።

"ማንም አልሰማም፣ አቶ ሚሽለር።"

ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ሸራውን ማየት ቀጠለ፤ የሚያየው ነገር ያለ አይመስለኝም። 

ሎቪና ቢላዋዋን በጨርቅ ጠረገች። "'ከከፋኝ ትመጣና ትወስደኛለህ ወይ?' ነው ያለህ" አለች።

"ማን?"

"ሃርላን።"

ኤዝራ ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ። "ሰምተሽዋል?"

"መስኮቱ ሥር ነበርኩ፣ እላይ ጠባብ ክፍተት ነበረችው። አንተ ወደ ኋላ ብለህ ነበር የቆምከው።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስሙን አታንሺ አልክ፣ አላነሳሁም። አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ዛፍ ትቆርጣለህ።"

"ታውቂ ነበር?"

"መጋዙን በየዓመቱ የሚስልልህ ማን መሰለህ?"

ኤዝራ ባርኔጣውን አወለቀ። ድምፁ ሲወጣ እንደ ሕፃን ነበር። "እኔስ ምን አልኩት?"

"ራስህን ነቀነቅክ።"

"አልሰማሁትም እኮ፣ ሎቪና! ደህና ሁን ማለቴ ነበር!"

"እሱ ግን እሺ ያልከው ነው የመሰለው።"

የት እንዳለ ጠየቃት። ቶሊዶ ነው አለችው፣ መስታወት ፋብሪካ ይሠራል፤ የሎቪና እህት ከሱ ጋር መጻጻፍ አቋርጣ አታውቅም። "ባለፈው ክረምት ሚስቱ ሞታበታለች" አለች። "ከፍቶታል፣ ኤዝራ።"

ኤዝራ ቁልፉን አዞረ። የፒካፗ መብራት ፊልሙ መሐል ቦግ ብሎ ሸራውን ነጭ አደረገው። ግቢው ሙሉ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሎይድ ከማሽን ክፍሉ "መብራት አጥፋ!" እያለ ሲጮህ ይሰማኛል። ኤዝራ የሰማ አይመስልም። ፒካፗ ተፈናጥራ ወጣች፤ ሽቦው ተወጠረ፣ ተበጠሰ፤ ስፒከሯ መስታወቱ ላይ እንደተንጠለጠለች አብራ ሄደች። እግሬ በልማዱ ሁለት እርምጃ ሮጠ። "ስፒከ—" ብዬ ቀሪውን ዋጥኩት። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ኮረብታው አልታጠፉም። በስተግራ፣ ወደ ቶሊዶ በሚወስደው መንገድ ታጠፉ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ላሞች ሲጮሁ ሰማን። ሎይድ አልጋው ላይ ተቀመጠ። "ያ ሰውዬ ላሞቹን ሳያልብ ሄደ" አለ። ለገበሬ ከዚህ የባሰ እብደት የለም። ሱሪውን እየታጠቀ፣ እየተራገመ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። እሱ ሲያልብ እኔ ቤቱ ደህና መሆኑን ማየት ነበረብኝ። በሩ ክፍት ነው፤ መቼም ክፍት በር እያየሁ አላልፍም። ላይኛው ክፍል መስኮቱ ፊት አንድ ወንበር አለ፤ እግሮቹ ወለሉን ቦርቡረውታል። ተቀመጥኩበት። ሸራችን በሦስቱ አጫጭር ዛፎች አናት ላይ፣ መስኮቱ ውስጥ እንደተሰቀለ ሥዕል ልክክ ብሎ ይታያል። እንደዚያ ቆንጆ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ፒካፗ ተመለሰች። በኛ በር ገብታ ምግብ ቤቷ ፊት ቆመች። ስፒከሯ አሁንም መስታወቱ ላይ ናት። ከፊት ወንበር ሦስት ሰው ወረደ። መሐል የነበረው ራሱ የተመለጠ፣ ሆዱ የወጣ ሰው ነው፤ ጉንጩ ግን ያው ቀይ ነው። ኤዝራ ስፒከሯን አውርዶ ለሎይድ ሰጠው። "ረስቼው ነው" አለ። ሎይድ የተበጠሰውን ሽቦ አየ፣ ኤዝራን አየ። "ሁሉም ይረሳል" አለና ላሞቹ መታለባቸውን ነገረው።

እኔ ሃርላንን ወደ ጥግ ሳብኩት። ሆዴ አልቻለም። "በሩን ስትከፍትለት ምን አለህ?"

"'ከፍቶህ ከሆነ ልወስድህ መጣሁ' አለኝ" አለ ሃርላን። በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ወደ አባቱ ተመለከተ። "እሺ ብሎኝ ነበር እኮ። ትንሽ ቆየ እንጂ።"